ጎፈሬ፣ ጊታርና ሸክላ በእንጦጦ ግርጌ

መስከረም 25 ቀን 1960 ዓ.ም. በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሃይት አሽበሪ በሚባል ሰፈር፣ ጸጉራቸውን ያንዠረገጉ ወጣቶች የሬሳ ሣጥን ተሸክመው ጎዳናውን ዞሩ። በሣጥኑ ውስጥ የሞተ ሰው አልነበረም። ሊቀብሩት የተሸከሙት «ሂፒ» የሚለውን ስም ነው። ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ ስሙን ቀምተው መነገጃ ስላደረጉት፣ ባለቤቶቹ «ከእንግዲህ ሞቷል» ብለው አወጁ። በዚያ ቀን አደይ አበባ ከእንጦጦ ተረተር ገና አልረገፈም። ኢትዮጵያውያን ዛሬ በናፍቆት «ስልሳዎቹ» የሚሉት ዐሥር ዓመት ከገባም አንድ ወር አልሞላውም ነበር።

የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገሩን ለመረዳት ግን ይጠቅማል። ፈረንጅ «ሲክስቲስ» የሚለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1952 እስከ 1962 ያለውን ነው። አዲስ አበቤ ስልሳዎቹን ሲያነሣ ትዝ የሚለው ደግሞ ከአብዮቱ በፊት የነበሩት ጥቂት ዓመታት ናቸው፦ ቤልቦተም ሱሪው፣ አፍሮው፣ ሸክላው፣ የተማሪው ሰልፍ። በሁለቱ ዘመኖች መካከል የድምፅና የልብስ ዝምድና አለ። የሐሳብ ዝምድና ፈልጎ ማግኘት ግን ያስቸግራል።

ሂፒዎቹ በአብዛኛው የደላቸው ልጆች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተወልደው፣ ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ያላዩትን ቤት፣ መኪናና ኮሌጅ አግኝተው አደጉ። ምቾቱ ሰለቻቸው፤ በዚያ ላይ ወንዶቹን የቬትናም ግዳጅ ይጠብቃቸው ነበር። ከእነርሱ አንድ ትውልድ ቀደም ብለው እንደ አለን ጊንስበርግ ያሉ «ቢት» የሚባሉ ጸሐፍት፣ ደመወዝ ከማሳደድ ይልቅ መንገድና መንፈስ ይሻላል የሚል ስሜት አስፋፍተው ነበር። ጥር 6 ቀን 1959 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ወደ 100,000 የሚጠጋ ወጣት ከየግዛቱ ወደ ከተማዋ ጎረፈ። አሜሪካኖቹ «የፍቅር በጋ» ይሉታል፤ በአዲስ አበባ ያው ጊዜ ጎርፍና ጭቃ ነው። በጋራ መኖር፣ ሐሺሽና ኤልኤስዲ፣ የህንድ ጾምና ተመስጦ፣ ጦርነትን መቃወም፣ ጸጉር አለመቆረጥ፣ ሁሉም በአንድ ከረጢት ገባ።

ከረጢቱን የያዘው ሙዚቃው ነበር። ቦብ ዲለንና ጆዋን ባዬዝ የገበሬውንና የሠራተኛውን የቆየ ዘፈን በጊታር አንሥተው የተቃውሞ ቋንቋ አደረጉት። ቢትልሶች በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ሳርጀንት ፔፐርስ» አልበም የቀረጻ ስቱዲዮን እንደ አንድ መሣሪያ ተጫወቱበት። ግሬትፉል ዴድና ጄፈርሰን ኤርፕሌን የተባሉት ባንዶች አንዱን ዘፈን ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ እየጎተቱ፣ አድማጩ በድምፅ ውስጥ እንዲጠፋ ያደርጉ ነበር። ጂሚ ሄንድሪክስ ጊታሩን አስጮኸው፣ አስለቀሰው፣ በሞንተሬይ መድረክ ላይም በእሳት አቃጠለው። በዚያው መድረክ ህንዳዊው ራቪ ሻንካር ሲታር ሲጫወት ሕዝቡ በጸጥታ አዳምጦታል። ከነሐሴ 9 እስከ 12 ቀን 1961 ዓ.ም. በዉድስቶክ ፌስቲቫል ከ400,000 የማያንስ ሰው በዝናብና በጭቃ ውስጥ ሙዚቃ ሰማ። ዘፋኞቹ ጦርነቱን እየተቃወሙ ዘፈኑ፤ ከአድማጮቹም ወደ ጦር ካምፕ መግባት የማይሹ ብዙ ነበሩ።

በአዲስ አበባ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዘመናዊው ሙዚቃ የወጣው ከካምፕ ነው።

ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከእነርሱ ጀምሮ ሳክስፎንና ትራምፔት የመንግሥት ንብረት ሆነው ቆዩ። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኞች ማዕረግ ያላቸው፣ ደመወዝ የሚቆረጥላቸው ወታደሮች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጡ ናቸው። ማሕሙድ አሕመድ በልጅነቱ ሊስትሮ ነበር፤ ከዚያ አሪዞና በሚባል ምሽት ክበብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ ማታ ማታ ለመጫወት የሚመጡት የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ዘፋኝ ጎድሎባቸው መድረክ ላይ ወጣ። ቀን በዩኒፎርም ሰልፍ የሚያሳምር ሰው ማታ ኮቱን ለውጦ ትዊስትና ሶል ያስጨፍራል። በዚህ ሁኔታ ያደገ ዘፈን መንግሥትን ፊት ለፊት አይናገርም። ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሳክስፎኑም፣ ልምምዱም፣ እንጀራውም የመንግሥት ነበር። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት በክቡር ዘበኛ አዛዥ መሪነት ተሞክሮ ሲከሽፍ፣ ጥላሁን ገሠሠም ለአጭር ጊዜ ታስሯል። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በፍቅር ዘፈን ውስጥ ወርቅ መፈለጉን ቀጠለ፤ ዘፋኙም ሰሙን ይዞ ዝም አለ።

የውጭው ድምፅ የገባው በብዙ በር ነው። አስመራ ላይ ቃኘው የተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ራዲዮ የኤልቪስን፣ የሬይ ቻርልስንና የጄምስ ብራውንን ዘፈን ለወታደሮቹ ሲያሰማ ሰሜኑ ሁሉ ይሰማ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች፣ ከ270 በላይ ወጣት አሜሪካውያን፣ ለማስተማር መጡ፤ ከሻንጣቸው ጋር ጊታርና ሸክላ ነበረ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ ከተማዋ ዲፕሎማት በዲፕሎማት ሆነች። በየካ በኩል ከእንጦጦ ሥር ያሉት የእንግሊዝ፣ የሩስያና የፈረንሳይ ሌጋሲዮኖች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የራሳቸው ዓለም ነበሩ፤ አሁን ግን ፈረንጁ ከአጥር ወጥቶ በአራዳ ይጨፍር ጀመር። በውቤ በረሃ ከአዝማሪ ቤቱ ጎን ባንድ ያላቸው ክበቦች ተከፈቱ። የካምፕ ኦርኬስትራዎቹ ብቻቸውን ሊያጠግቡት የማይችሉት ገበያ ተፈጠረ፤ ሶል ኤኮስን የመሰሉ፣ ወታደርም ፖሊስም ያልሆኑ የግል ባንዶች ታዩ።

የመንግሥት ሥልጣን የተገፋው በሸክላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1948 እ.ኤ.አ. በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ ማኅበሩ ግን ዘመናዊውን ዘፈን አያሳትምም። ሐራምቤ የተባለ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምኃ እሸቴ ሕጉን እያወቀ በ1969 እ.ኤ.አ. የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ በውጭ አገር አሳተመው። መጀመሪያ በህንድ፣ በኋላም በሊባኖስ የታተሙት ሸክላዎች በመርከብ መጡ። ከሳሽ ይመጣል ተብሎ ቢጠበቅም ቀረ፤ አምኃ ሬከርድስ የተባለው አሳታሚ ድርጅቱ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችንና ጥቂት ረጃጅም አልበሞችን አወጣ። ሌሎችም፣ ፊሊፕስና የዓሊ አብደላ ካይፋ ቤት፣ ተከተሉ።

አንዱን ሸክላ በእጅ ይዞ ማየት ብዙ ይናገራል። የዳቦ ሳሕን የምታህል ጥቁር ክብ ናት፣ መካከሏ ሰፊ ቀዳዳ፤ በአንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ሌላ፣ እያንዳንዱም ሦስትና አራት ደቂቃ። ግሬትፉል ዴድ ለግማሽ ሰዓት የሚፈላሰፍበት ቦታ የለም፤ ሳክስፎኑ ገብቶ፣ ዘፋኙ ስንኙን ብሎ፣ ኦርጋኑ አንድ ጊዜ ተጠማዝዞ መርፌው ወደ መሐል ይደርሳል። ይህ ጠባብ ቦታ ሙዚቀኞቹን አጥብቆ እንዲናገሩ አስገደዳቸው፤ የዘመኑ ዘፈኖች ዛሬም ድረስ ትኩስ የሆኑት በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ድምፁ ራሱ የተለየ ነገር ነበር። የኢትዮጵያ ደገኛ ዜማ የሚሄደው በአምስት ድምፆች ቅኝት ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። የአውሮፓ ስምምነት ዐሥራ ሁለት ድምፆችን እየተጠቀመ ከታች ብዙ ድርብርብ ይሠራል። ቅኝቱን ሳያበላሹ ድርብርቡን ማስገባት ቀላል አልነበረም፤ ነርሲስ ናልባንዲያን በኦርኬስትራዎቹ ውስጥ ለዓመታት ሲታገልበት የኖረው ይህ ነው። ጅማ ተወልዶ በእንግሊዝ የተማረው፣ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ ኮሌጅም የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ የሆነው ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት አልበሞች ቀርጾ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ቫይብራፎን ይዞ ገባ። አንቺሆዬን የመሰለ፣ ለፈረንጅ ጆሮ የተወላገደ የሚመስል ቅኝት በጃዝ ስምምነት ላይ አስቀመጠው፤ ከሥሩ ኮንጋ፣ ከላዩ ደግሞ ሂፒዎቹ የወደዱትን ዋ-ዋ ፔዳል የረገጠ ጊታር። ጊታሩ እንደ ሳን ፍራንሲስኮ ያላዝናል፣ ዜማው ግን የቤተ ክርስቲያንና የማሲንቆ ዘመድ ነው። በዘፋኞቹም ዘንድ ችክችካው ምት ከጄምስ ብራውን የነሐስ ቆረጣ ጋር ተጋባ። እንጦጦን የሸፈነው ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ ባሕር ዛፍ ተባለ፤ በኋላ ያለ እርሱ ተራራውን ማሰብ አልተቻለም። ሳክስፎኑም እንዲሁ ነው።

ልብሱና ጸጉሩም መጡ። ጸጉር ማሳደግ በአሜሪካ ትልቅ ነገር ነበር፤ ወታደር ስለሚላጭ ያልተላጨ ሰው ወታደር አልሆንም ያለ ሰው ነው። በኢትዮጵያ ግን ጎፈሬ የጦረኛ ጌጥ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት ካልወጣ ጸጉሬን አልቆረጥም ብለው የማሉ አርበኞች ፎቶግራፍ በየቤቱ ግድግዳ ተሰቅሎ ነበር። ከጥቁር አሜሪካውያን የኩራት ንቅናቄ የመጣው አፍሮ በአዲስ አበባ ወጣት ራስ ላይ ሲበቅል፣ አያቱ «ጎፈሬ» ይለዋል፣ አባቱ «ዱርዬ» ይለዋል፣ እርሱ ራሱ «አፍሮ» ይለዋል። ዓለምን ንቆ፣ ጸጉሩን አንጨፍርሮ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰውም ለሀገሩ አዲስ አይደለም፤ በእንጦጦ ጠበልና ገደል ዙሪያ ባሕታዊ ሁልጊዜ ነበረ። ስለዚህ የሂፒ መልክ በአዲስ አበባ አላስደነገጠም ማለት ይቻላል። ያስደነገጠው የሴቶቹ ሚኒ ቀሚስ ነው።

መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ፣ የፋሽን ትርዒት ተሰናዳ። ተማሪዎች ትርዒቱን የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ሕዝቡ ራቁቱን በሚሄድበት ሀገር የአውሮፓ ጨርቅ ማሳየት ስድብ ነው አሉ። ወደ አዳራሹ የሚገቡት እንግዶች ተሰደቡ፣ ተጎነተሉ፤ ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። የዘመኑ ዓለም ታሪክ ውስጥ እንግዳ ቦታ ያለው ድርጊት ነው፤ በፓሪስና በበርክሌይ ካሊፎርኒያ አማፂው ወጣትና ሚኒ ቀሚሷ በአንድ ሰልፍ ውስጥ ሲሄዱ፣ በስድስት ኪሎ አማፂው ሚኒ ቀሚሷን ደበደበ። የቀሚሷ ባለቤት ምን እንደምታስብ የጠየቃት ግን ብዙ አልነበረም። የተማሪው ንቅናቄ ስለ ሴት እኩልነት ብዙ ቢጽፍም፣ ያን ቀን ያሳየው መልክ ከወግ አጥባቂ አባት መልክ አልራቀም።

በአዲስ አበባ ባህሉን የሚገለብጠው ወጣት አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነበር። ከስድስት ኪሎ ወደ ውቤ በረሃ ቁልቁል በእግር ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ላይኛው ወጣት ማርክስን ያነባል፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «መሬት ለአራሹ» እያለ ይሰለፋል፣ ዳንሱን የከበርቴ መዝናኛ ይለዋል። ታችኛው ወጣት ሱሪውን አስፍቶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ስለ መሬት ሥሪት ሳይጨነቅ ይጨፍራል። እርግጥ ነው፣ አርብ ተሰልፎ ቅዳሜ የጨፈረ ሞልቷል። ሁለቱን ወደ አንድ ንቅናቄ ያመጣ ዘፈን ግን አልተገኘም፤ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያንን የሚሠራው ሙዚቃ እዚህ ደመወዙን ከቤተ መንግሥት ይቀበል ነበር።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በስድስት ኪሎ አቅራቢያ፣ አፍንጮ በር አካባቢ፣ በጥይት ተመታ። በማግስቱ አስከሬኑን ከብበው የቆሙት ተማሪዎች ላይ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ተኮሱ፤ ሰው ሞተ። ያው ክቡር ዘበኛ ነው፤ ኦርኬስትራው ከተማውን ያስጨፈረ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ዙፋኑን ሊገለብጥ የሞከረ፣ አሁን ደግሞ ዙፋኑን ለመጠበቅ የሚተኩስ።

የአዲስ አበባ ወጣት ወደ ምዕራብ ሲመለከት፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዙም ነበሩ። በ1963 እ.ኤ.አ. ግብጻዊ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በዩኒቨርሲቲው «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን መሠረተ፤ በልማድ አብረው የማይጫወቱትን ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገናና እምቢልታ በአንድ መድረክ ሰበሰበ። ቻርልስ ሰተን የተባለ የሰላም ጓድ ወጣት መጥቶ ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ተማረ፣ በአማርኛም ዘፈነ። በ1969 እ.ኤ.አ. ቡድኑ «ብሉ ናይል ግሩፕ» ተብሎ አሜሪካን ሲዞር፣ ቢትልሶች በታዩበት የኤድ ሰሊቫን ቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ። የአዲስ አበባ ልጅ የአሜሪካን ጊታር ሲመኝ የአሜሪካ ልጅ የኢትዮጵያን ማሲንቆ አቀፈ፤ የሂፒ ዘመን ሰው ከራሱ ቤት ይልቅ የሌላውን ሥር ይወዳል የሚባለው በዚህ ጊዜ እውነት ነበር።

ከሁሉም ቀድማ ዓለምን የተወችው ግን ጊታር ያልነካች ሴት ናት። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በስድስት ዓመቷ ስዊዘርላንድ ተልካ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች፤ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁሉን ትታ መነኮሰች፣ ግሸን ማርያም ላይ ለዐሥር ዓመት በባዶ እግሯ ኖረች። የፒያኖ ድርሰቶቿ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የታተሙት በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ላይ ነው፤ የሳን ፍራንሲስኮ ልጆች ጫማ ባወለቁበት በዚያው ዓመት።

ከሩቅ ሆነው ኢትዮጵያን የተመኙት ራስ ተፈሪያውያን ደግሞ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ በሺዎች የሚቆጠሩ ጃማይካውያን እንደ አምላክ ተቀበሏቸው፤ በአዲስ አበባ የነበረው ተማሪ ደግሞ በዚያው ዘመን እርሳቸውን ለማውረድ ይዶልት ነበር። ቦብ ማርሊ ራስ ተፈሪያውያን የሰፈሩባትን ሻሸመኔን ያየው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያን ጊዜ ንጉሡ ሞተዋል፣ አዲስ አበባም በቀይ ሽብር ተውጣ ነበር።

በአብዮቱ ሥልጣን የያዘው ደርግ የስድስት ኪሎውንም የውቤ በረሃውንም ወጣት አጠፋ። የላይኛውን በጥይትና በእስር፣ የታችኛውን በሰዓት እላፊ። ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ሕይወት የሚያስከፍል ሆነ፤ የምሽት ክበቦች ተዘጉ፣ ሸክላ በካሴት ተተካ፣ መድረኩም የቀበሌ ኪነት ሆነ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ብቻ ቀሩ። በሒልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ በሰዓት እላፊው ምክንያት እስኪነጋ ይጫወታል፤ እንግዳውም ወጥቶ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ ይጨፍራል። ስንኝ ሳንሱር ስለሚደረግ ያለ ስንኝ መጫወት አመቺ ሆነ፤ የዋልያስ «ቸ በለው» በ1977 እ.ኤ.አ. የታተመው በዚህ አየር ውስጥ ነው። አንድም ቃል የለበትም፤ ኦርጋኑ ብቻ ያወራል።

አምኃ እሸቴ በ1975 እ.ኤ.አ. ወደ ዋሽንግተን ሄደ። ዋልያስ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ሊዞር ወጥቶ ከአባላቱ ገሚሱ አልተመለሰም። የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ፤ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ዘፋኙ ግርማ በየነ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ። በዚያን ጊዜ የእነርሱ ሸክላ በአዲስ አበባ አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል።

አቧራውን ያራገፈው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» በ1986 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ አሳተመ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የእነ አምኃን ሸክላዎች በሲዲ አወጣ። በ2005 እ.ኤ.አ. የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም የሙላቱን ዜማ ሲያሰማ፣ የሂፒዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ከወላጆቻቸው ሸክላ ጎን የአዲስ አበባን ሸክላ መደርደር ጀመሩ። ኃይሉ መርጊያ በ2013 እ.ኤ.አ. የቆየ ካሴቱ እንደገና ታትሞ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ ግርማ በየነም በ2017 እ.ኤ.አ. አዲስ አልበም አወጣ።

የስድስት ኪሎና የውቤ በረሃ ልጆች ያላገናኙትን ጉዳይ የሚሞክሩ ባንዶች ዛሬ አሉ፤ ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. «ኤርታሌ» በተባለ አልበሙ የተለኮሰ ጊታርን ከሀገሩ ዜማ ጋር አጋጥሟል። ከእንጦጦ ፓርክ ቁልቁል ሲታይ ስድስት ኪሎና አራዳ በአንድ ዓይን ይገባሉ፤ በስተምሥራቅ ደግሞ የካ እስከ ኮተቤ ድረስ ተዘርግቷል። ማታ ከዚያ ከታች የሚሰማው ሙዚቃ ከየትኛው ቤት እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።